የአንገቱ ማደንዘዣ አይደለም የጎዳኝ፣ ዝምታዬ ነው

ሰላም እህቴ፣ «እናቴ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ስትደረግ በኋላ እንዳያማት አንገቷን ግራና ቀኝ ማደንዘዣ እንወጋታለን አሉን፣ ሽባ ቢያደርጋትስ» ላልሽው፣ እኔ ተወግቻለሁ፣ ይኸው ደህና ነኝ።

1. መርፌውን አትፍሩት። ሙሉ ሰመመን ውስጥ ሆኜ ስለሰጡኝ ሲወጉኝም አላውቅ። ሰመመን የሚሰጠው ልጅ (እግዜር ይስጠው፣ ከዛ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው) ቀድሞ እንዳስረዳኝ ፊትሽን ወደ ጎን ስታዞሪ አንገት ላይ ከሚወጠረው ጡንቻ ኋላ፣ መሃሉ አካባቢ፣ ከቆዳ ስር ነው ቡፒቫኬይን የሚባለው ማደንዘዣ የሚሰጠው። ጠልቆ የሚወጋ ሌላ ዓይነት አለ፣ እሱ የመተንፈሻ ነርቭን ሊያደነዝዝ ስለሚችል ሁለቱንም ጎን አይደረግም። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

2. ሁሉንም ሕመም አያጠፋም። ቁስሉ ምንም አላለኝም፣ ጉሮሮዬ ግን የትንፋሽ ቱቦ ገብቶበት ስለነበር ምራቅ መዋጥ አቃተኝ፣ ማጅራቴም አንገቴን ወደኋላ ቀልሰው ስላቆዩት ተንገብግቦ ነበር።

3. ማስታገሻው ማደንዘዣው ሳይለቅ ይሰጣቸው። እኔ ጠዋት 4 ሰዓት ገብቼ ማታ 3 ሰዓት ላይ ለቀቀኝ፣ ተረኛዋን ነርስ ሳስጠራ «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የታመምሽው» ብላኝ ሄደች፣ ከዛ መድኃኒቱ የለም ከውጭ ግዙ ተብሎ ባለቤቴ በሌሊት ሲዞር... ቁጥሩን ልተወውና ዋናውን ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቀን ጆሮዬ ድንዝዝ ብሎ ስነካው የሰው ጆሮ ነበር የሚመስለኝ፣ ጠዋት ተመለሰልኝ። በማግስቱ ማታ ደግሞ ከንፈሬ ዙሪያና ጣቶቼ ጫፍ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። እኔ ጅሏ የማደንዘዣው ርዝራዥ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ እውነቱን ልናገርና ያቺን ነርስ ደግሜ ከምለምናት ልሙት ብዬም ነው። ሲነጋ ጣቶቼ ጉርሻ እንደጠቀለለ እጅ ተሰብስበው አልዘረጋ አሉ፣ ባለቤቴ ጮኸ፣ ዶክተሩ ሮጦ መጣ፣ ካልሲየሜ ወርዶ ኖሯል! በደም ስር ሰጡኝ፣ ልወጣ የነበርኩት ሴትዮ አራት ቀን ተጨመረብኝ፣ የአልጋውን ሂሳብ ባልነግርሽ ይሻላል።

ለካ ከእንቅርቱ ጀርባ ካልሲየም የሚቆጣጠሩ አራት የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ዕጢዎች አሉ፣ ኦፕራሲዮኑ ላይ ሲነካኩ ለጊዜው ሊደክሙ ይችላሉ። የአንገቱ ማደንዘዣ የሚያደነዝዘው ጆሮ አካባቢንና የአንገትን ፊትና ጎን እስከ አንገት ስር አጥንት ድረስ ነው፣ ከንፈርና ጣት ጋ አይደርስም። እዚያ እንዲህ ከተሰማቸው ዝም እንዳይሉ ለእናትሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ እናቶቻችን እንደሆነ ሰው ላለማስቸገር ሁሉንም ይችሉታል። ካልሲየማቸውን ሳያስለኩ እንዳትወጡ፣ ያኮረፈ ያኩርፍ። አንገታቸው ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠራቸው ደግሞ ተረኛ መጠበቅ የለም፣ ኮሪደር ላይ ወጥተሽ ጩኺ።

እኔ አሁን ነጠላ ሳልጠመጥም ነው የምሄደው፣ ጠባሳዬን የሚያይ የለም። ቀኑ ሲቆረጥላቸው እዚሁ ጻፊልኝ።