ለመጀመሪያው ቀፎ የትኛው ፍሬም? የወሎ ጀማሪ ንብ አናቢዎች ጥያቄና መልስ

አደይ አበባ ሊፈነዳ ሲቃረብ የጀማሪ ንብ አናቢ ጥያቄ ይበዛል፤ ዘንድሮም አልቀረም። ስለ ፍሬም፣ ማለትም ቀፎ ውስጥ ተንጠልጥሎ ንቦች እንጀራቸውን (ማርና እጭ የሚይዘውን የሰም ቤት) ስለሚሠሩበት አራት ማዕዘን ማቀፊያ፣ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ጋሼ፣ ባዶ ዘመናዊ ቀፎ ገዝቻለሁ። ፍሬሙን ለብቻው ልገዛ ስሄድ ዛንደር ነው ላንግስትሮዝ ብዬ ብጠይቅ ሻጩ “ሁሉም ያው ነው” አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ያው አይደለም ወንድሜ። ዛንደርና ላንግስትሮዝ ልካቸው የተለያየ ሁለት የዘመናዊ ቀፎ ዓይነቶች ናቸው። ችግሩ በዓይን ሲያዩት ያው መምሰሉ ነው። የዛንደር ፍሬም የላይኛው ዘንግ 477 ሚሊ ሜትር ነው፤ የላንግስትሮዝ 483 ገደማ። በ6 ሚሊ ሜትር ማን ይጣላል ትል ይሆናል። ወረድ ብለህ አካሉን ለካው፤ ዛንደሩ 420 በ220፣ ላንግስትሮዙ 448 በ232 ነው። ስለዚህ የላንግስትሮዝ ፍሬም ከዛንደር ሣጥን ውስጥ አይገባም። ዛንደሩ በላንግስትሮዝ ሣጥን ቢንጠለጠልም ግራና ቀኙ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ባዶ ይቀራል። ንቦቹ ያንን ክፍተት በእንጀራ ይሞሉታል፤ ማር ልትቆርጥ ስትመጣ ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይጠብቅሃል።

የቱ ይሻላል ካልከኝ፣ ጎረቤትህ የያዘው ይሻላል። ማር ማውጫ ማሽን ለብቻህ አትገዛም፤ ከማኅበር ወይም ከጎረቤት ትዋሳለህ። የማሽኑ ቅርጫት የሚቀበለውን ፍሬም እወቅና ከዚያ ግዛ። ንብህ ቢዳከም የእጭ ፍሬም የምትለምነውም ከዚያው ከጎረቤት ነው። ሁለቱን ዓይነት ቀፎ ቀላቅሎ የያዘ ሰው ምንም ያህል ቢለፋ ፍሬሞቹን ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው እንደ ልብ ማዛወር አይችልም።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ የዋንዛ ሣንቃ አለኝ፤ ጎበዝ አናጺም አለ። ቢሠራልኝ ምን ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ዋንዛ ካለህ ታድለሃል፤ አይጣመምም። እርጥብ ባሕር ዛፍ አታስነካው፤ አንድ በጋ ሲያልፍበት ይቆለመማል።

አናጺው ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የለመደው በርና አልጋ ነው፤ እዚያ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ስህተት አይባልም። ቀፎ ላይ ስህተት ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በ1851 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ነገር ይኸው ነበር፤ ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ስታገኝ መተላለፊያ አድርጋ ትተወዋለች። ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋ እንጀራ ትሠራበታለች። ፍሬም እየተነቀለ የሚመለስበት ቀፎ የመጣው ከዚህ ነው።

እንዲህ ፈትሸው። የተሠራውን ፍሬም ሣጥኑ ውስጥ አንጠልጥልና በጎኑና በግድግዳው መካከል የተማሪ እርሳስ ቁልቁል ስደድ። እርሳሱ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሳይታገል ከላይ እስከ ታች ከወረደ፣ ወዲያና ወዲህም ብዙ ካልተንገዋለለ ልኩ ደህና ነው። መሐል ላይ ከተቀረቀረ ፍሬሙ ተጣሟል። በአራቱም ማዕዘን ሞክረው።

ሌላው ስፋቱ ነው። የጎን እንጨቶቹ ከላይ በኩል 35 ሚሊ ሜትር ይሁኑ፤ ፍሬሞቹ ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ ርቀቱ በራሱ ይጠበቃል። የእኛ ንብ ከአውሮፓዋ ታንሳለች፤ ለራሷ ስትተዋት እንጀራዋን ወደ 32 ሚሊ ሜትር ታቀራርባለች። ፍሬም የሌለው፣ በላይኛው ዘንግ ብቻ የሚሠራው የኬንያ ቀፎ ዘንጉ 32 የሆነውም ለዚሁ ነው። በ35 ግን ያለ ችግር ትሠራለች። “ትንሽ ይስፋ፣ ማር ይብዛ” ብሎ 38 እና 40 የሚያደርግ አናጺ አይቻለሁ፤ ትርፉ ከፍሬም ፍሬም የተሻገረ፣ ሳይቀደድ የማይነሳ እንጀራ ነው።

መጋጠሚያውን በሚስማር ብቻ አትመነው፤ ኮላ ይጨመርበት። በማር የተሞላ ፍሬም ከ2 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የላይኛው ዘንግ ተነቅሎ እጅህ ላይ ሲቀር ንቡ አይምርህም።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ የሰም አሻራ (ንቦች እንጀራ የሚጀምሩበት፣ የክፍሎቹ ቅርጽ የታተመበት ስስ የሰም ገጽ) ተወደደብኝ። ሽቦ ብቻ ወጥሬ ብተወውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባዶ ሽቦ ንብን አይመራም፤ እንጀራውን እንደ ፈለገች አጣማ ትሠራዋለች። ሰሙን መግዛት ካቃተሽ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቁራጭ ከላይኛው ዘንግ ሥር አጣብቂ፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ታች ትወርዳለች። ዕዳው እንዲህ ሲሆን የድንጉላ (የወንድ ንብ) ክፍል ማብዛቷ ነው፤ ያልጠነከረ እንጀራም ማሽን ውስጥ ሲሽከረከር ይፈርሳል። እኔ ብሆን ለታችኛው የእጭ ክፍል ሙሉ አሻራ ገዝቼ ለላይኛው የማር ክፍል በቁራጭ እጀምር ነበር፤ የላዩን ማር ከነእንጀራው ቆርጦ መሸጥ ይቻላልና።

ሽቦውን አራት መስመር አድርጊው፤ ወጥረሽ በጣትሽ ስትመቺው እንደ ክራር ጅማት ይጩኽ። የረገበ ሽቦ ሰሙን በቆላ ሙቀት አይሸከምም። ቀፎ ያለ ሰም አሻራና ያለ ሽቦ ሲታደል ሳይ ይገርመኛል። ለገበሬው ሣጥን ነው የተሰጠው።

ጥያቄ (ከዚያው ከመርሳ)፦ ሰሙ ሞራ የተቀላቀለበት እንዳይሆን እንዴት ላውቅ?

መልስ፦ አሽትቺው፤ ንጹሕ ሰም ማር ማር ይላል። ስትሰብሪው ስብራቱ ሻካራ ነው እንጂ አይልምም፤ ጣትሽ ላይም ቅባት አይተውም።

ጥያቄ (ከላስታ)፦ የፕላስቲክ ፍሬም እንዴት ነው?

መልስ፦ የሰም ትል አይበላውም፤ መልካምነቱ ይኼ ነው። ሰም ካልቀባኸው ግን ንቦቹ ለመሥራት ይለግማሉ። ለመጀመሪያ ቀፎ አልመክረውም፤ ሲሰበር የመንደር አናጺ አይጠግነውም።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ አምና ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ አዛወርኩ፤ በሳምንቱ ኮበለሉ። ፍሬሙ አልተስማማቸው ይሆን?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍሬሙ አይደለም አባቴ። ንቦቹ ከሞላ ቤታቸው ወጥተው አዲስ እንጨትና አሻራ ብቻ ያለበት ቤት ገቡ፤ እጭ የለ፣ ማር የለ፣ ምን ያስቀምጣቸዋል? ሲያዛውሩ ከአሮጌው ቀፎ እጭ ያለበትን እንጀራ ይቁረጡና ሽቦ በሌለው ፍሬም ውስጥ ልክ አድርገው በጥጥ ክር ጠምጥመው ይሰሩት። እንጀራው ከፍሬሙ ጋር ሲያያዝ ክሩን ንቦቹ ራሳቸው ቀረጣጥፈው ይጥሉታል። እንዲህ ያሉ ሁለትና ሦስት ፍሬሞች መሐል ላይ፣ ባለ አሻራዎቹ ግራና ቀኝ ይሁኑ። ንግሥቲቱ መግባቷን ያረጋግጡ። ሥራው ወደ ማታ ይሁን፤ ወራቱም መስከረም፣ አበባ ሳለ። በልግ ከሚዘንብበት አካባቢ ከሆኑ ያኔም ይቻላል። ስኳር በውሃ በጥብጦ ማብላትም ይረዳል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አሥር ፍሬም መግዛት ከበደኝ። በስድስት ልጀምር?

መልስ፦ የቀረውን ባዶ ቦታ በሣንቃ ከጋረድከው ትችላለህ። ካልጋረድከው ንቦቹ ከክዳኑ ላይ ራሳቸው እንጀራ ያንጠለጥላሉ። የማር ክፍሉን አትቸኩልበት፤ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱን ሲሸፍኑ ይደረብ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፍሬሙን ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ አይቀባም። የሚቀባው ሣጥኑ ነው፤ ያውም በውጭ በኩል ብቻ፣ ሽታውም እስኪጠፋ ንብ አይገባበትም።