ኢመልሽኑ ወተት ሲመስል፦ ቅንጣቱን ደቃቅ አድርጎ ማቆየት

ጥያቄ፦ «በመስታወት ላይ የምቀባውን ጥቁርና ነጭ ኢመልሽን (ብርሃን የሚቀበለውን የሲልቨር ብሮማይድና የጄላቲን ቅልቅል) ራሴ ነው የምሠራው። ነጋቲቩን የቱንም ያህል አጉልቼ ባትም ቅንጣቱ እንዳይታይ እፈልጋለሁ። ሲልቨር ናይትሬቱን አሞኒያ ጨምሬበት፣ በ60 ዲግሪ ከብሮማይዱ ጋር ቀላቅዬ፣ ለግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ። የሚወጣው ግን ወተት የመሰለ ነው፤ ምስሉም ሸካራ ይሆናል። ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ውስጥ ደግሞ ከጠርዙ እየተላጠ ይነሳል። ምን ላስተካክል? ፕላስቲክ ላይስ መቀባት እችላለሁ?»

መልስ፦ የተከተሉት አሠራር ስህተት የለበትም፤ ግን ለሌላ ዓይነት ኢመልሽን የወጣ ነው። ሙቀት፣ አሞኒያና ጊዜ በትንሽ ብርሃን ፎቶ የሚያነሳ ፈጣን ኢመልሽን ሲፈለግ ቅንጣትን ለማሳደግ ሆን ተብለው የሚገቡ ናቸው። ቅንጣቶቹ የተሠሩበት ሲልቨር ብሮማይድ ሁሌም ሲፈጠር ደቃቅ ነው። የሚሟሟበት ሁኔታ ካገኘ ግን ትንንሾቹ ቅንጣቶች እየሟሙ በትልልቆቹ ላይ ይደረባሉ። አሞኒያም ትርፍ ብሮማይድም ሲልቨር ብሮማይድን በጥቂቱ ስለሚያሟሙ እድገቱን ያፋጥኑታል። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ከቅልቅሉ ጀምሮ እስከ ፊክሰሩ (ብርሃን ያልነካውን ሲልቨር ብሮማይድ አሟሙቶ እስከሚያወጣው ፈሳሽ) ድረስ ይህን እድገት መከልከል ነው።

መጀመሪያ አሞኒያውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። የተረፈ የሲልቨርና የአሞኒያ ቅልቅል ካለዎት በዕቃ አያስቀምጡት። ሲቆይ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ውህድ ሊፈጥር ይችላል። አዲስ የተቀላቀለ ከሆነ ዛሬውኑ የአሞኒያው ሽታ እስኪጠፋ ነጭ ኮምጣጤ ጨምረውበት፣ ከዚያ በገበታ ጨው ውሃ ነጭ ዝቃጭ ያድርጉት። ቆይቶ ጥቁር ደለል የያዘ ከሆነ ግን አይነቅንቁት፣ አይክፈቱት፤ የኬሚካል አወጋገድ የሚያውቅ ባለሙያ ይጥሩ።

አሁን መጠኑን እንያዝ። ለ300 ሚሊ ሊትር ኢመልሽን 12 ግራም ጄላቲን፣ 1.6 ግራም ፖታሲየም ብሮማይድ እና 2.25 ግራም ሲልቨር ናይትሬት ይበቃል። ለዚህ ሲልቨር በስሌት የሚያስፈልገው ብሮማይድ 1.58 ግራም ገደማ ነው። ትንሿን ትርፍ የምንተወው ሲልቨሩ ከበዛ ሳህኑ (የተቀባው መስታወት) ብርሃን ሳያገኝ ስለሚጠቁር ነው። ብሮማይዱ ብዙ ካለፈ ደግሞ ቅንጣቱ ያድጋል። ስለዚህ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ከሌለ ወደዚህ ሥራ መግባት አይመከርም። ውሃው ዲስትልድ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ስላለው ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሲልበት ይደፈርሳል፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውንም በዚሁ ጠብታ ፈትነው ይግዙ።

ጄላቲኑን ለሁለት ከፍለው በቀዝቃዛ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያርሱት፤ ከዚያ በ40 ዲግሪ አሟሙተው ወደ 35 ያውርዱት። በአንደኛው 150 ሚሊ ሊትር ውስጥ ብሮማይዱ ይግባ። ሁለተኛው 130 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ሲልቨሩን በ20 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙተው በመጨረሻዋ ደቂቃ ይጨምሩበት፤ ሲልቨር ናይትሬት ከሞቀ ጄላቲን ጋር ከቆየ ይጠቁራል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በቀይ መብራት ነው። ጓንትና መነጽር አይለዩዎት፤ ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፣ ዓይንን ያቃጥላል።

ሲልቨር ያለበትን በብሮማይዱ ላይ በቀጭኑ፣ ግን ሳይዘገዩ፣ አጥብቀው እያማሰሉ ያፍስሱ። በዝግታ ካፈሰሱት መጀመሪያ የተፈጠሩት ጥቂት ቅንጣቶች የኋለኛውን ሲልቨር ሁሉ ይወስዱታል። ቶሎ ከገባና ማማሰሉ ከበረታ ግን በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ቅንጣት ይፈጠራል፤ ሲልቨሩም ለሁሉም ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ደቃቅ ሆኖ ይቀራል። ማማሰሉ ደካማ ሲሆን ሲልቨሩ በወደቀበት ቦታ ብቻ ይከማቻል፤ ሸካራነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቅልቅሉ እንዳለቀ ምንም ማቆያ ጊዜ የለም፤ አጥልለው ወዲያው ይቅቡ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ኢመልሽንም ቀስ እያለ ማደጉን አይተውም።

ቅንጣቱ ደቃቅ መሆኑን ለማየት አንዲት ጠብታ በመስታወት ቁራጭ ላይ ወደ ነጭ ብርሃን ያውጡ፤ በቀይ መብራት ቀለሙ አይለይም። ጥሩ ከሆነ በውስጡ አሻግረው ማየት ይችላሉ፤ ከመብራት ፊት ሲይዙት ወደ ብርቱካንማ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ ከጎን ሲያዩት ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነጭ ከሆነ ቅንጣቱ አድጓል፤ ያንን መቀባት ድካም ነው።

የተቀባው ሳህን በቀዝቃዛ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከረጋ በኋላ በ15 ዲግሪ ገደማ ውሃ ለሩብ ሰዓት ይታጠብ። በቅልቅሉ የተፈጠረው ፖታሲየም ናይትሬት ካልወጣ ሲደርቅ እንደ ውርጭ ይታያል።

መላጡ ከመስታወቱ ነው። በልብስ ማጠቢያ ሶዳ አጥበው ሲያለቀልቁት ውሃው ሳይቆራረጥ መስታወቱን መሸፈን አለበት። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም ጄላቲንና 0.5 ግራም ክሮም አለም (ጄላቲንን የሚያጠነክር ጨው) የገባበት መያዣ ቀብተው አቁመው ያድርቁት። ዴቨሎፐሩ፣ ፊክሰሩና ማጠቢያው በሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ አይለያዩ። ተራ ፕላስቲክ ያለ መያዣ ጄላቲንን ጨርሶ አይዝም። የሚሻለው ጊዜው ያለፈበት የማተሚያ ቤት ፊልም ፈልጎ፣ ዴቨሎፐር ሳያስገቡ በፊክሰር ብቻ ማጽዳት ነው፤ የሚቀረው ግልጽ ጄላቲን አዲሱን ኢመልሽን በደንብ ይይዛል።

ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛው ፍጥነት፣ ማለትም ፎቶ ለማንሳት የሚበቃው የብርሃን መጠን ነው። የተለመደ ፊልም ቅንጣት በግምት 1 ማይክሮሜትር ቢሆንና የእርስዎ 50 ናኖሜትር ቢደርስ ይዘቱ በ8000 እጥፍ ያንሳል፤ የሚይዘውም ብርሃን እንደዚያው። ለዴቨሎፐር ዝግጁ ለመሆን ግን ትንሹም ትልቁም ቅንጣት ጥቂት የብር አቶሞች ማከማቸት አለበት። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጋብርኤል ሊፕማን በእንዲህ ዓይነት ደቃቅ ኢመልሽን የቀለም ፎቶ ሲያነሳ በፀሐይ ብርሃንም ደቂቃዎች ያስፈልጉት የነበረው ለዚህ ነው። ፋብሪካዎችም ከዚህ ሕግ አላመለጡም፤ አዶክስ ሲኤምኤስ 20 የተባለው ደቃቅ ቅንጣት ያለው ፊልም ፍጥነቱ ስሙ እንደሚለው አይኤስኦ 20 ላይ ቀርቷል።

ሁለተኛው ኮንትራስት፣ ማለትም በብሩህና በጨለማ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቅንጣቶቹ እኩል ስለሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠቁራሉ፤ በነጭና በጥቁር መካከል ግራጫ ይጠፋል። ተራ ፊልም ይህን የሚፈታው ትልልቅና ትንንሽ ቅንጣት በማደባለቅ ነው፤ ያ ለእርስዎ አይሆንም። ስለዚህ ዴቨሎፐሩን ያለዝቡ፦ በ1 ሊትር ውሃ 30 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ ከዚያ በጥቂት አልኮል የረጠበ 1.5 ግራም ፌኒዶን (ዋናው የዴቨሎፐር ኬሚካል)። ቶሎ ስለሚበላሽ የዕለቱን ብቻ ያዘጋጁ። የተለመደውን የፊልም ዴቨሎፐር ዲ 76ን አይጠቀሙ፤ በሊትር ያለው 100 ግራም ሰልፋይት ደቃቁን ቅንጣት አሟሙቶ መልሶ በሳህኑ ላይ ያሳርፈዋል፤ በነጸብራቅ አረንጓዴ፣ ሲያሻግሩት ሮዝ የሚመስል ጭጋግ ያያሉ። ለፊክሰር 200 ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት በ1 ሊትር፣ አሲድ ሳይገባበት፣ 2 ደቂቃ ይበቃል። አሲድ ያለበት ፊክሰር ሲቆይ ምስሉን ራሱን ይበላዋል። ምስሉ ከጥቁር ይልቅ ቡናማ ቢሆን አይደንግጡ፤ የደቃቅ ብር ቀለም ያ ነው።

ኢመልሽኑ ግልጽ በመሆኑ ብርሃኑ አልፎ ከመስታወቱ ጀርባ ተመልሶ በብሩህ ነገሮች ዙሪያ ክብ ይሠራል። ከማንሳትዎ በፊት ጀርባውን በውሃ የሚለቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡት፤ ዴቨሎፐር ከመግባቱ በፊት በእርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉት። የመጀመሪያውን ሳህን ካሜራ ውስጥ አያስገቡት፤ ነጋቲቭ በላዩ አድርገው በካርቶን እየሸፈኑ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ሰከንድ በአንድ አምፖል ሥር ይሞክሩት። ከዚያ የሙቀቱን ወይም የማማሰሉን ለውጥ በዚሁ አምፖልና በዚሁ ርቀት ያወዳድሩ።