ለወንድምሽ «ወፍ አለ» በይው

ሰላም እህቴ። ከነጌሌ ቦረና የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። በባዮሎጂ ተመርቀሽ የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባለው ብርቅዬ ወፍ ከዘመዱ ከጉንጨ ነጩ ቱራኮ ጋር መዳቀሉን በማስተርስ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ታላቅ ወንድምሽ ግን «እዚያ ሙያ ውስጥ ወፍ የለም፣ ባንክ ግቢ» ብሎሻል። እንግሊዝኛሽና እድሜሽም አሳስቦሻል።

እንግሊዝኛው በልምምድ ይመጣል። 26 ዓመት ደግሞ እድሜ ሆኖ ነው? እኔን ያናደደኝ የባንኩ ነገር ነው።

ወንድምሽ አስተምሮሻል፣ ውለታውን አትካጂ። ግን ውለታውን በብር እንጂ በሙያሽ አትከፍይውም። ቁጭ በሉና በወር ይህን ያህል፣ እስከዚህ ጊዜ ድረስ ተባባሉ። ደሞስ የትኛው ባንክ ቀጠረሽ? አንድ ማስታወቂያ ሲወጣ ሰልፉን ታውቂዋለሽ፣ አካውንቲንግ የተማሩትም እዚያው ቆመዋል።

ብሩ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ማስተርሱን ሳትጠብቂ የአስጎብኚነት ፈቃድ አውጪ። እኔም ቢሮ ከመግባቴ በፊት ስድስት ዓመት ወፍ ሳስጎበኝ ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ማዳላቴ አይቀርም። ፈረንጆቹ ያን ሁሉ መንገድ እናንተ ጋ የሚመጡት ሊበን ላርክ ለሚባለው ወፍና ለዚሁ ለሩስፖሊ ቱራኮ ብለው ነው። ቱራኮውን ከደቡብ ኢትዮጵያ ውጭ የትም አያገኙትማ!

ጥናቱም የቀልድ አይደለም። ዲቃላ እኛ ጋ ስድብ ነው፤ ለወፎቹ ግን የህልውና ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩ ብዙ ከሆነው ጋር እየተዳቀለ ብርቅዬው ሊዋጥ ይችላል። ምደባውም ገና አልረጋም። የዘረመል ጥናት ሁለቱን ከሌሎቹ ቱራኮዎች ስለለያቸው አሁን «ሜኔሊኮርኒስ» በሚል፣ በምኒልክ ስም በተሰየመ ወገን ውስጥ ገብተዋል።

አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ። ወፉ በስሙ የተጠራለትን ጣሊያናዊ አሳሽ፣ ልዑል ሩስፖሊን፣ በ1893 እንደ ፈረንጆቹ ዝሆን ገደለው። ወፉን ከየት እንዳገኘው አልጻፈም። በ1896 ስም ሲወጣለትም አገሩ በትክክል አይታወቅም ነበር። አንቺስ? «ጉትዬው ነጣ ያለ፣ አንገቱ ላይ ግን ነጭ መስመር ያለው አየሁ» ብለሻል። ነጩ ጉትዬ የሩስፖሊ ነው፣ የአንገቱ መስመር የጉንጨ ነጩ፤ ድቅል ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ መቼ? የት? ምን ዛፍ ላይ? አንዱንም አልጻፍሽም። የሚያማክርሽ ፕሮፌሰር መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይሄንኑ ነው። ደብተር ያዢና ነገ በጠዋት ወደዚያው ዛፍ ተመለሽ።