ዕቁቤ እስኪደርሰኝ ልታገስ?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። እናታችን ቀድማዋለች። የተውልን ኮልፌ ያለውን ቤት ነው። ሦስት ልጆች ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ፣ ቤይሩት ያለች ታናሽ እህታችን። ወንድሜ ከነሚስቱ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ ሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎችም ያከራያል። እንካፈል ስለው መጀመሪያ "ተዝካሩ ይውጣ" አለ። ከዚያ "ፋሲካ ይለፍ"። ሽማግሌ ብልክበት ቡና አፍልቶ ሸኛቸው። ባለፈው ወር ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ ከፍርድ ቤት ማስረጃ ማውጣቱን ሰማሁ። ደላላም ሰው ይዞ ሲመላለስ ታይቷል።

እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። ያነጋገርኩት ጠበቃ 50 ሺህ ብር ቅድሚያ፣ ሲያልቅ ደግሞ 15 በመቶ አለኝ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያገኘሁት ሌላ ሰው "በ20 ሺህ እጨርስልሻለሁ፣ ውስጥ ሰው አለኝ" ይላል። ዕቁቤ የሚደርሰኝ ከስምንት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ልታገስ? የእናቴን ልጅ መክሰሱስ ነውር አይሆንብኝም?

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ዕቁቡን አትጠብቂ። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ላይ ስምንት ወር ስትጨምሪ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ደግሞ ወራሽነት ይገባኛል የሚል ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ባወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ክሱ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል ይላል። አንቺ "ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው" ትያለሽ። የወንድምሽ ጠበቃ "ቤቱን እሱ እንደያዘው አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ታውቃለች" ይላል። ክርክሩን ልትረቺ ትችያለሽ። ግን ለምን ትገቢበታለሽ? ሽምግልናው ላይ ነበርን ማለትም ቀኑን ያቆምልኛል ብለሽ አትተማመኚ።

"ውስጥ ሰው አለኝ" ያለሽን ሰውዬ እርሺው። ዋናውን ሰነድ ሰጥተሽው ከሆነ ዛሬውኑ ተቀበይው።

ጠበቃው ግን የግድ ውድ ነው ማለት አይቻልም። ጥያቄው 15 በመቶ የምን? የሚለው ነው። ለምሳሌ ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢገመት፣ ልጆች እኩል ስለሚወርሱ ያንቺ ድርሻ 2 ሚሊዮን ነው። ከድርሻሽ 15 በመቶ 300 ሺህ ይሆናል። ከቤቱ ከሆነ ግን 900 ሺህ! ድርሻሽን ግማሽ ሊበላው ምንም አልቀረው። መቼ እንደሚከፈልም ጠይቂ፤ ሲፈረድ ነው ወይስ ገንዘቡ እጅሽ ሲገባ? በመሀል አፈጻጸም የሚባል፣ የተፈረደው በተግባር እንዲፈጸም የሚከፈት ሌላ መዝገብ አለ። ብዙ ሰው ፈርዶልኛል ብሎ ከጨፈረ በኋላ የሚደክመው እዚያ ነው። ይግባኝና ሰበርስ በዚያው ክፍያ ነው? ይህ ሁሉ በጽሑፍ ውል ይግባ። የጥብቅና ፈቃዱንም አሳየኝ በይው፤ የሚቀየም ከሆነ ሌላ ፈልጊ።

50 ሺውንም ቢሆን ከፋፍሎ እንዲቀበልሽ ተደራደሪ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ያየሁት ግን ብዙዎቹ ለቅን ሰው እሺ ይላሉ። የቤይሩቷ እህትሽም ከጎንሽ ከቆመች አንድ ጠበቃ ለሁለታችሁም ይበቃል። እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል ውክልና ትላክልሽ፤ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይና ውልና ማስረጃ ያረጋግጡታል።

ጭራሽ ከሌለሽ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲዎችም በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል የነፃ አገልግሎት ማዕከላት አሏቸው። ጠበቆች ራሳቸው የተወሰነ ሥራ በነፃ እንዲሠሩ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ ስለዚህ መጠየቅ ልመና አይደለም። ክስ ሲከፈት ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ ከከበደሽ፣ ንብረትሽን ዘርዝረሽ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያንን ሳትከፍዪ፣ ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ። ወንድምሽ "ከእንጀራ ገቢ አላት፣ ደሃ አይደለችም" ብሎ ሊከራከርሽ ይችላል፤ ተዘጋጂ።

በቅድሚያ ግን ዋናው ጉዳይ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥና ስም እንዳይዛወር እግድ ጠይቂ። ደላላ መመላለስ ከጀመረ ይህ የነገ ሥራ አይደለም። የወራሽነት ማስረጃውም የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሌሎች ልጆች እንዳሉ ሳይነገረው የሰጠው ፍርድ ቤት ሊሰርዘው ይችላል። አንቺና እህትሽ የአባታችሁ ልጆች ለመሆናችሁ የልደት ሰርተፊኬትም ሆነ የሚያውቋችሁ ምስክሮች ካሁኑ ይዘጋጁ።

ነውሩን በተመለከተ፣ ሁለት እህቶቹን የሉም ብሎ ያስመዘገበው እሱ ነው። ደግሞስ ክስ ከተከፈተ በኋላ መታረቅ ይከለከላል? የተስማማችሁበት በጽሑፍ ቀርቦ በመዝገቡ ላይ ሊጸድቅ ይችላል። ያኔ ቡና ብቻ ጠጥተው የተመለሱት ሽማግሌዎች መጥሪያው ከደረሰው በኋላ ሲሄዱ ምሳም ይጋብዛቸው ይሆናል።