በ50 ሺህ ብር ቲቪ ልትገዢ ነው? ከብራንዱ በፊት ደረሰኙን

እህቴ፣ «በጀቴ 50 ሺህ ብር ነው፤ ለሳሎን 43 ኢንች ይሻላል ወይስ 50? ሳምሰንግ ልግዛ ወይስ ሌላ? መርካቶ ልሂድ ወይስ ሰፈር ካለ ሱቅ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በ2016 ዓ.ም. እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ልጆች፣ ከእቁብ የወጣ ብር። አንቺም እንደዛው ትመስይኛለሽና እንደዛ አድርጌ ነው የምመልስልሽ። ሰው ሁሉ ብራንድ ላይ ነው የሚከራከረው። እኔን ያቃጠለኝ ግን ብራንድ አይደለም።

1. መጠን። ከሶፋሽ እስከ ግድግዳው በሜትር ለኪ። ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ከሆነ 43 አያንስሽም፣ 50 ከሆነልሽ ደግሞ ደስ ይላል። የሚረሳው የማስቀመጫው ስፋት ነው። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ወደ ጎን ሲለካ 43ቱ 96 ሳንቲሜትር ገደማ፣ 50ው 111 ገደማ ይመጣል። የአሁኖቹ ቲቪዎች ብዙዎቹ እግራቸው ከመሀል ሳይሆን ከሁለቱ ጫፍ ነው። ቡፌሽ ጠባብ ከሆነ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል። ሳትለኪ ከቤት አትውጪ።

2. ስማርት የሚባለው ነገር። ገበያው ውስጥ ፎርጅድ ሞልቷል። አንድ ቀላል መለያ ልንገርሽ። የአሁኖቹ ሳምሰንግ ቲቪዎች የሚሠሩት ታይዘን በሚባል በራሳቸው ሲስተም ነው፤ ኤልጂ ደግሞ ዌብ ኦኤስ ነው። ስለዚህ ፊቱ ላይ ሳምሰንግ ተብሎ ተጽፎ፣ ሲከፈት አንድሮይድ ከመጣና ፕሌይ ስቶር ካየሽበት አትከራከሪ፣ ተነሥተሽ ውጪ። አንድሮይድ መሆኑ በራሱ ጥፋት የለውም፤ ሶኒም ቲሲኤልም ጉግል ቲቪ የሚባለውን፣ ያው አንድሮይድ የሆነውን፣ ይሠራሉ። ጥፋቱ በውሸት ስም መሸጡ ነው። ሌላው፣ ካርቶኑ ላይ ኤስ2 የሚል ካለ የሳተላይት መቀበያው ውስጡ ነው ማለት ነው። የዲሹን ገመድ በቀጥታ ትሰኪና የኢትዮሳትን ነፃ ቻናሎች ያለ ሪሲቨር ታያለሽ። ሪሲቨር መግዛት ቀረልሽ፣ አንድ ሪሞትም ተቀነሰ። 4ኬ ለሚለው፣ በጣም ጥርት ላለው ምስል ማለት ነው፣ ደግሞ ብዙ ብር አትጨምሪ። የአገራችን ቻናሎች በ4ኬ አያስተላልፉም፤ የሚጠቅምሽ ዩቲዩብ ላይ ነው፣ እሱም ጥሩ ኢንተርኔት ካለሽ።

3. ደረሰኝ። እዚህ ጋ ቆም በይልኝ።

የመጀመሪያውን ቲቪ የገዛሁት የካቲት 2016 ነው፤ 50 ኢንች። ሻጩ ትሁት ልጅ ነበር፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በደረሰኝ 46 ሺህ፣ ያለ ደረሰኝ 40 ሺህ» አለኝ። ልዩነቱ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። 6 ሺህ ብር ለኔ ቀላል ብር አልነበረም። «ጋራንቲውስ?» ስለው «ካርዱን ሞልቼ እሰጥሻለሁ፣ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል» አለ። ብሩን በስልኬ አስተላለፍኩ። የአካውንቱ ስም የሱቁ አልነበረም፣ የማላውቀው ሰው ስም ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩት። ካርቶኑንም እንደታሸገ ተረክቤ ወጣሁ፤ የታሸገ ስለሆነ አዲስ ነው፣ አዲስ ስለሆነ ደህና ነው ብዬ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፋና ተመልሶ መጣ። ቲቪውን ከፈትነው፣ ዜናው ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ልጆቹ «እማዬ፣ ሰውየው የት ሄደ?» ይሉኛል።

በማግስቱ እኔና ባለቤቴ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክመን አወረድነው፣ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ካርዱ ላይ አድራሻው ወዳለው የጥገና ማዕከል ወሰድነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ደረሰኝ?» አለች። ካርዱን ሰጠኋት። ገልብጣ አየችውና መልሳ ገፋችልኝ። «ሲሪያል ነምበር የለውም፣ ማህተም የለውም። ይሄ እኛን አይመለከትም።» አስረዳሻለሁ ስላት «ቀጣይ!» ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ቲቪው በመሀላችን መሬት ላይ ቆሞ ነበር። ያቺን ደቂቃ እስካሁን አልረሳትም።

ወደ ሱቁ ተመለስን። ትሁቱ ልጅ የለም፤ «ሥራ ለቋል» አሉን። ያስተላለፍኩበትን ስልኬ ላይ ሳሳያቸው «ይሄ የኛ አካውንት አይደለም» አሉ። ሌላ መሥሪያ ቤት ሄጄ አቤት አልኩ፣ እዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ ደረሰኝ ሆነ። በኋላ እንደተረዳሁት ሕጉ ከሸማቹ ጋር ነው። በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ በቁጥር 813/2006፣ የገዛሽው ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልሽ ወይም ብርሽ እንዲመለስልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጋራንቲሽ አለ። እኔ ግን ቀኑም አልፎኛል፣ ከማን እንደገዛሁም ማሳየት አልችልም። 6 ሺህ ለማትረፍ ብዬ 40 ሺህ አጣሁ።

መጨረሻ ላይ የሰፈራችን ቲቪ ጠጋኝ ቤት ድረስ መጣልኝ። አምፖሉን አጥፉ አለን። ቲቪውን ከፍቶ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ስክሪኑ ላይ አስጠጋው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎን አንቀሳቀሰው። ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ ብቻ እንደ ጥላ ሆኖ ዜና አንባቢው ታየ። ክራባቱ ሳይቀር ይታያል። «ምስሉ አልጠፋም፤ የሞተው ከጀርባው ያለው መብራት ነው» አለኝ። ስክሪኑ ራሱ ብርሃን የለውም፤ ከኋላው የተደረደሩት ትንንሽ ኤልኢዲዎች ናቸው የሚያበሩት። እነሱን ለመቀየር ስክሪኑ መነሣት አለበት፣ ስክሪኑ ደግሞ ስስ መስታወት ነው። «ሊሰበር ይችላል፣ አስቢበት» ብሎ በግልጽ ነገረኝ። ቀጥል አልኩት። ሲያነሣው ከታች ጥጉ ላይ ጢክ አለ። አንድ ቀጭን ስንጥቅ። የስክሪኑ ዋጋ ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም፣ ስለዚህ እዚያው ላይ አበቃ። የድካሙን እንኳን አልቀበልም ብሎኝ ሄደ።

አንድ ነገር ግን አስተምሮኛል። ቲቪ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ የጀርባ መብራቱ ጫፍ ላይ ተደርጎ ነው። የኔም 100 ላይ ነበር። እንደዛ ሆኖ ሲቆይ ኤልኢዲዎቹ ይሞቃሉ፣ ቶሎ ይደክማሉ። ቤትሽ እንዳስገባሽ ወደ 60 አካባቢ አውርጂው። ማታ ለዓይንም ይሻላል።

ሌላ ቲቪ እስክገዛ ከዓመት በላይ ቆየሁ። በመሀል ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ መጣ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እቁቤ ሲደርሰኝ 48 ሺህ ብር ከፍዬ የገዛሁት 43 ኢንች ነው። በፊት በ40 ሺህ 50 ኢንች ይዤ ገብቼ ነበር። ይሄም ያው የዚያች ደረሰኝ ዕዳ ነው።

በሁለተኛው ግን ማንም አላታለለኝም። ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት «የምገዛው በደረሰኝ ነው» አልኩ። ሁለት ሱቅ ፊታቸውን አዞሩብኝ፣ ሦስተኛው እሺ አለ። ካርቶኑን አስከፈትኩ። ፍላሽ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ውስጡ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ የሆኑ ሦስት ምስሎችና አንድ ቪዲዮ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ይታያል፣ ጥቁሩ ላይ ጥጉ ብርሃን የሚያፈስ ከሆነ ይታያል። ዋይፋዩን ከስልኬ አገናኝቼ ዩቲዩብ ከፈትኩ። ከዚያ ሲሪያል ነምበሩን ከቲቪው ጀርባ፣ ከካርቶኑ፣ ከጋራንቲ ካርዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ደረሰኙ ላይም እንዲጻፍልኝ አደረግኩ። ሻጩ «እህት፣ ሌላ ደንበኛ እየጠበቀ ነው» ሲለኝ «ይጠብቅ፣ እኔም ስጨርስ እከፍልሃለሁ» አልኩት። ክፍያውን በድርጅቱ ስም ወዳለ አካውንት ብቻ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ይኸው እስከዛሬ አንድ ቀን ሳይታመም እየሠራ ነው፣ ጎረቤቶቼም ቲቪ ሲገዙ ይዘውኝ ይሄዳሉ።

የቀረውን ባጭሩ። መኪና ላይ አታስተኚው፣ ቆሞ ይሂድ፤ በመንገድ የተሰበረ ስክሪን ጋራንቲ አይሸፍነውም። ከ50 ሺው ላይ ለስታቢላይዘር፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለሚያስተካክለው ዕቃ፣ የሚሆን ቀድመሽ አስቀምጪ፣ ቲቪውን በቀረው ግዢ። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ንቀዪው፣ ከመጣም በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። መርካቶ ወይስ ሰፈር ላልሽው፣ መርካቶ ዋጋ አወዳድሪ፣ ግን ሲበላሽ ተሸክመሽ ልትመልሺው የምትችይው ሱቅ የትኛው እንደሆነም አስቢ።

ምናልባት «ዛሬ ሲስተም የለም፣ ደረሰኙን ነገ መጥተሽ ትወስጃለሽ» ይሉሽ ይሆናል። ስልክሽን ስጫቸውና «ሲስተም ሲመጣ ደውሉልኝ፣ ያን ጊዜ ብሩንም ይዤ እመጣለሁ» ብለሽ ውጪ።