የስም ዝርዝር የሌላቸውን ሰዎች በናሙና ስለ መድረስ

ጠያቂያችን፣ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ሲ ቅኝት ለማካሄድ አስበው፣ የስም ዝርዝር ስለሌለ ናሙናውን ከሕክምና ማእከል ተገልጋዮች ብቻ መውሰድ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። ወደ ማእከሉ የሚመጣው ሰው ከማይመጣው በብዙ ነገር ሊለይ ስለሚችል፣ የሚያገኙት አኃዝ ስለ ተገልጋዮቹ እንጂ ስለ ሌሎቹ አይናገርም።

እኔ ሁለት ጊዜ የሠራሁበት ዘዴ፣ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ዳግላስ ሄካቶርን እ.ኤ.አ. በ1997 ያስተዋወቁት (በእንግሊዝኛ respondent-driven sampling የሚባለው)፣ ተሳታፊዎች ራሳቸው የሚያውቋቸውን የሚጋብዙበት ነው። አጥኚው ራሱ ለሚመርጣቸው ጥቂት መነሻ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ኩፖን፣ ማለትም ቁጥር ያለው የግብዣ ወረቀት፣ ይሰጣል፤ ተጋብዞ የመጣውም በተራው ኩፖን ይቀበላል። ማን ማንን እንደጋበዘ በኩፖን ቁጥር ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ መሰሎቹን ስንት እንደሚያውቅም ይጠየቃል። ብዙ ሰው የሚያውቅ የመጋበዝ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ በስሌቱ ላይ ክብደቱ ይቀነሳል።

ሥራው የሚበላሸውም በዚህች ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ጥናታችን «ስንት ሰው ያውቃሉ?» ብለን ብቻ ስለጠየቅን፣ አንዱ በዝና የሰማውን ሁሉ ሲቆጥር ሌላው የቅርብ ጓደኞቹን ብቻ ቆጠረ፤ ብዙዎችም 10፣ 20፣ 50 እያሉ በግምት መለሱ። ይህን ከመስክ ከተመለሱ በኋላ የሚያቃና ስሌት የለም፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። በሁለተኛው ጥናት ጥያቄውን ከፋፈልነው፦ በመርፌ ከሚወስዱት ውስጥ እርስዎ በስም የሚያውቋቸው፣ እነርሱም እርስዎን የሚያውቁ ስንት ናቸው? ከእነርሱስ 18 ዓመት የሞላቸው? ከነዚህስ ባለፉት 30 ቀናት ያገኟቸው? መልሱ ወዲያውኑ ተሻሻለ።

መነሻ ሰዎችን ሲመርጡ ሴቶችን፣ ወጣቶችንና ሕክምና ጀምረው የማያውቁትን ያካትቱ። የግብዣውን ሰንሰለትም በየሳምንቱ በሥዕል ይመልከቱት፤ እኛ በሦስተኛው ሳምንት ሴቶች እየገቡ አለመሆኑን ያየነው ከሥዕሉ ነበር፣ ሁለት ሴት መነሻዎችም ጨመርን። የተጋበዙ ሰዎች መልስ እርስ በርስ ስለሚመሳሰል፣ የናሙናው መጠን ከቀላል የዕጣ ናሙና ከፍ ማለት አለበት፤ ሁለት እጥፍ የተለመደ ቢሆንም፣ በጀት ከፈቀደልዎ እኔ አራት እጥፍ እመርጣለሁ።

ለተሳታፊዎች የሚከፈለው ማካካሻ የመጓጓዣና የጊዜ ዋጋ ከመሸፈን አይለፍ፤ ከበዛ ኩፖን ይሸጣል፣ መስፈርቱን የማያሟላም አሟላለሁ ብሎ ይመጣል። የማንንም ስም አይመዝግቡ። የምርመራ ውጤቱን ተሳታፊው በኩፖኑ ቁጥር ተመልሶ እንዲወስድ ያድርጉ፤ ቫይረሱ የተገኘበትም በዚያው ቀን ወደ ሕክምና የሚያደርሰው ሰው አስቀድመው ያዘጋጁለት።