ከክንፍ እስከ ምህዋር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ስራዬ ኤሮዳይናሚክስ ነው፤ አየር በሚበር ነገር ላይ የሚያደርገውን ማጥናት፤ በተለይ ከጠፈር የሚመለስ ነገር ምን ያህል እንደሚግል ማስላት። ስለ በረራና ስለ ከባቢ አየር የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አደራ ግን፣ ከፍታንና ፍጥነትን አታምታቱ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ለምን ይወሰናል? ከዚያ በላይ ቢወጣ ነዳጅ አይቆጥብም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። 11 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው ሩቡን አይሞላም። ወደ ኋላ የሚጎትተው ስለቀነሰ እሰየው ነው። ችግሩ ክንፉን የሚሸከመውም ሞተሩ የሚስበውም ያው አየር መሆኑ ነው። ሲሳሳ፣ ላለመውደቅ መፍጠን ግድ ይላል። አብዝቶ ከፈጠነ ደግሞ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋና ክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ይታወካል። ከፍታው ሲጨምር ሁለቱ ገደቦች እየተጠጋጉ መሃል ያጣብቁታል። ኮንኮርድ የተባለው የቀድሞ የመንገደኛ አውሮፕላን 18 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወጣ የነበረው ለዚያ ፍጥነት ተብሎ በተሰራ ክንፍ የድምፅን እጥፍ ስለሚበር ነው።

መንገደኛው፦ አውሮፕላን ሲንገጫገጭ ይወድቃል?

መልስ፦ ከመንገጫገጭ ብቻ መውደቅ እጅግ ብርቅ ነው። ቀበቶህን እሰር። ቀጣይ።

ተከራካሪው፦ ጠፈር ከየት ይጀምራል? ከ100 ኪሎ ሜትር አይደል?

ሌላ አባል፦ ኧረ 80 ነው! አሜሪካኖቹ ኤክስ-15 ለተባለው የሮኬት አውሮፕላን አብራሪዎች የጠፈርተኛ ክንፍ (የደረት ምልክት) የሸለሙት በ80 ነው።

ተከራካሪው፦ እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው። የካርማን መስመር 100 ነው፣ አለቀ።

ሌላ አባል፦ ማን ወሰነው? አንተ?

መልስ፦ አቦ ተዉ! እዚያ አጥር የለም፤ አየሩ ቀስ በቀስ ነው የሚያልቀው። ሁለቱም ቁጥሮች ስምምነት ናቸው። 100 ላይ ደረሳችሁ ማለት ደግሞ ምህዋር ገባችሁ ማለት አይደለም። ከፍታ ሌላ፣ ፍጥነት ሌላ።

ፊዚክስ ወዳጅ፦ መንኮራኩር ሲመለስ በእሳት የሚከበበው ከአየር ጋር ስለሚፋተግ ነው፣ አይደል?

መልስ፦ ይሄንን ስጠብቅ ነበር! ብዙ ሰው ሰበቃ ነው ይላል። ዋናው ግን መታመቅ ነው። የብስክሌት ጎማ ስትነፋ መንፊያው ይሞቅ የለ? ካፕሱል በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ሲመጣ ከፊቱ ያለው አየር ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ይታመቃል፣ ይግላል፣ ያበራል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሃርቪ አለን የተባለ አሜሪካዊ መሃንዲስ የሁሉንም ግምት ገለበጠ። ሹል አፍንጫ ሳይሆን ደንዳና ፊት ይሻላል አለ። ደንዳናው የጋለውን አየር ከፊቱ አርቆ ይገፋዋል፤ አብዛኛው ሙቀት መንኮራኩሩን ሳይነካ በጎን ያልፋል። የአፖሎ ካፕሱል ቂጡን አስቀድሞ የሚገባው ለዚህ ነው። ከጨረቃ ሲመለስ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይምዘገዘግ ነበር። መከላከያው ከተበሳ ግን ምህረት የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ሲመለስ፣ ወደ ላይ ሲወጣ አረፋ መትቶት በተበሳው የግራ ክንፉ የጋለ ጋዝ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ሰባቱም አለቁ።

ዝም ያልኩት፦ አውሮፕላን ዝም ብሎ ሽቅብ ቢበር ጠፈር አይደርስም?

መልስ፦ ለጀማሪዋ የመለስኩትን አንብብ። ጄት ሞተር ያለ አየር አይሰራም። ሮኬት የሚያቃጥልበትን ኦክስጅን ይዞ ነው የሚሄደው።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ከባቢ አየር ያስረዱኝ እባክዎ።

መልስ፦ የቱን? ለይተህ ጠይቅ።

ሳተላይት ተመልካች፦ 400 ኪሎ ሜትር ላይ አየር አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኢምንት ናት፣ ግን አለች። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በእሷ ምክንያት ዝቅ ስለሚል በየጊዜው በሞተር ወደ ላይ ይገፋል። ፀሐይ ስትቆጣ ቴርሞስፌር የሚባለው ይህ የላይኛው የአየር ንብርብር ይሞቅና ያብጣል። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ገና ከመሬት 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከነበሩ 49 የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች አብዛኞቹ በዚህ ሰበብ ወድቀው ተቃጠሉ።

ተጠራጣሪ፦ በፓራሹት የሚዘለው ባውምጋርትነር በ2012 እ.ኤ.አ. ከ39 ኪሎ ሜትር ዘሎ ለምን አልተቃጠለም ታዲያ?

መልስ፦ ተባረክ! የጮህኩት ለዚህ ነው። እሱ ከፍታ እንጂ ፍጥነት አልነበረውም። ሲወድቅ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው ያለፈው። ከምህዋር የሚመጣው 20 እጥፍ ይፈጥናል። ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ልዩነቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ400 እጥፍ በላይ ነው።

ጀማሪዋ፦ መንኮራኩሩም ታዲያ መጀመሪያ በሞተር ፍጥነቱን ቀንሶ ቀስ ብሎ አይወርድም?

መልስ፦ ያን ሁሉ ፍጥነት በሞተር ለመቀነስ ያን ያህል ነዳጅ ተሸክመሽ መውጣት አለብሽ፤ ያንን ነዳጅ የሚያወጣ ደግሞ እጅግ የገዘፈ ሮኬት ያስፈልጋል። አየሩ በነፃ ፍሬን ይይዝልሻል። ሞተሩ ጥቂት ቀንሶ ምህዋሩን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላውን ለአየሩ ይተዋል።

መንገደኛው፦ እና ሲንገጫገጭ አይወድቅም ማለት ነው?

መልስ፦ እጅግ ብርቅ ነው አልኩህ እኮ! ቀበቶህን እሰር።